ማሟያ የተባለው ኃይል፦ የዡል ቦርዴ ሕይወት ከእንጦጦ ግርጌ ሲተረክ

ስለ ጋዜጣና ስለ ሬዲዮ በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ላይ የአንድ ቤልጅየማዊ የላቦራቶሪ ሰው ታሪክ ምን ይሠራል ብትሉ አይፈረድባችሁም። የዛሬው ባለታሪካችን ዡል ቦርዴ ጋዜጠኛ አልነበረም። ነገር ግን የሕይወቱ ታሪክ ለእኛ ሙያ የሚሆን አንድ ትምህርት ይዟል። እሱም አንድ ስያሜ፣ አንድ ተራ ቃል፣ የብዙ አዋቂዎችን ዓይን ለሰባ ዓመት ያህል ሊጋርድ መቻሉ ነው። ቃል ደግሞ የእኛ እንጀራ ነው።

ነገሩ የጀመረው እኛ ቤት ነው። የምንኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። ከበራችን ቀና ሲሉ የእንጦጦ ተራራ ከነባሕር ዛፉ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው በደጃችን ይወርዳሉ። ሃይስኩል እያለሁ ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሕፃኑ በስድስተኛ ሳምንቱ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋና ማታውን አተኮሰው፤ ሲያለቅስ አደረ። እህቴ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዙር ልሂድ አልሂድ እያለች ስታመነታ፣ ባዮሎጂ ላይ በማመጣው ውጤት የምኮራው እኔ፣ የቀሩት እኮ ማጠናከሪያ ብቻ ናቸው ብዬ ነገርኳት። ማጠናከሪያ! ቃሉ ሲሰሙት ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ነገር ይመስላል፤ ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም ቤቱ አይፈርስ። እህቴም ቀረች።

ልጁ ስድስት ወር ሲሆነው ትክትክ ያዘው። ትክትክ የያዘው ሕፃን ሌሊት ሲያስል የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ሳሉ እየተከታተለ ትንፋሹን ይጨርስበታል፣ ፊቱ ይጠቁራል፣ ከዚያ አየር ሲስብ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያሰማል። እናት ደግሞ የሚቀጥለው ትንፋሽ ይምጣ አይምጣ እያለች ቁጭ ብላ ትቆጥራለች። ልጁ ተርፏል፤ ዛሬ ኬጂ ገብቶ መዝሙር ያስተምረናል። እህቴም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ያቺን አንዲት ቃል አልረሳኋትም።

ኋላ ኮሌጅ ገብቼ የፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ስንወስድ ስለ ትክትክ ለመጻፍ መረጥኩ። የበሽታው ባክቴሪያ ሳይንሳዊ ስም ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ መሆኑን አነበብኩ። ስሙን ተከትዬ ስሄድ ዡል ቦርዴን አገኘሁት። ቦርዴን ስከተል ደግሞ ከትክትክም ሰፋ ያለ ነገር ላይ ደረስኩ።

የመምህሩ ልጅ

ዡል ቦርዴ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1870 ሷኚ በምትባል የቤልጅየም ከተማ ነው። አባቱ መምህር ነበር። ልጁ የአራት ዓመት ገደማ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ብራስልስ ተዛወረና እዚያው ተማረ። በ16 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1892፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ የሕክምና ዶክተር ሆኖ ተመረቀ። ይህን ሳነብ ወደራሴ ዞሬ ማሰቤ አልቀረም፤ ከእኔ ቢበልጥ በአንድ ዓመት ነው።

በ1894 ቦርዴ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ፓሪስ፣ ወደ ፓስተር ተቋም ሄደ። የገባው በታዋቂው ሩስያዊ በኤሊ ሜችኒኮፍ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ያ ጊዜ የበሽታ መከላከል ሳይንስ ለሁለት ተከፍሎ የሚሟገትበት ዘመን ነበር። አንደኛው ወገን፣ የሜችኒኮፍ ወገን፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁት ተውሳክን የሚውጡ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው ይል ነበር። ሁለተኛው ወገን፣ በአብዛኛው ጀርመኖች ያሉበት፣ ኃይሉ ያለው በሴሎቹ ሳይሆን በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ነው ባይ ነበር። እንግዲህ ወጣቱ ቦርዴ የተቀመጠው በአንደኛው ወገን ቤት ውስጥ ነው። ሆኖም የሚያጠናው የሁለተኛውን ወገን ጥያቄ ነበር።

አንድ ጥያቄ፣ ጥቂት የመስታወት ቱቦ

የቦርዴን ዝና ያወጣው ሙከራ ቀላል ነው። የኮሌራ ተሐዋሲ ለምዶ የዳነ እንስሳ ደም ተወስዶ ሲረጋ ከላይ የሚቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ ሴረም ይባላል። ትኩስ ሴረም በመስታወት ቱቦ ውስጥ ከኮሌራ ባክቴሪያ ጋር ሲቀላቀል ባክቴሪያው እየተፈረካከሰ ያልቃል። ሴረሙን ወደ 55 ዲግሪ አሙቀው ቢሞክሩት ግን ኃይሉ ይጠፋል። እስከዚህ ድረስ ሰዎች፣ ሙቀቱ መድኃኒቱን አበላሸው ብለው ሊደመድሙ ይችሉ ነበር።

ቦርዴ አንድ እርምጃ ጨመረ። ኃይሉ በጠፋው ሴረም ላይ፣ ኮሌራን ጭራሽ ከማያውቅ ጤነኛ እንስሳ የተወሰደ ጥቂት ትኩስ ሴረም ጠብ አደረገበት። የጠፋው ኃይል ተመለሰ! ይህ የሆነው በ1895 ነው፤ ቦርዴ 25 ዓመቱ ነበር።

ነገሩን ዝርዝር አድርገን እንየው። በሴረሙ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ ማለት ነው። አንደኛው ሙቀት የማይበግረው፣ በሽታውን ባወቀ እንስሳ ደም ውስጥ ብቻ የሚገኝ፣ ጠላቱን ለይቶ የሚያውቅ ነው፤ ይህን ዛሬ አንቲቦዲ እንለዋለን። ሁለተኛው በሙቀት ቶሎ የሚጠፋ፣ በሽታውን ባላወቀውም እንስሳ ደም ውስጥ ከልደት ጀምሮ ያለ ነው። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ባክቴሪያውን መፈረካከስ አይችልም። ቦርዴ ይህን ሁለተኛውን አሌክሲን በሚለው የቀድሞ መጠሪያ ጠራው፤ መከላከል ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ስም ነው።

የክፉ ቀን ዘመድ

እዚህ ላይ ከፓሪስ ላቦራቶሪ ወደ ተራራችን መመለስ አለብን፤ የቦርዴ የሚቀጥለው ጉዞ መነሻ የሆነው በሽታ ወደ አፍሪካ የገባው በእኛው በር ነውና።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር አንድ የከብት በሽታ ወደ አገራችን ገባ። በአማርኛ ደስታ ይባላል፤ ስሙ ደስታ፣ ሥራው መርዶ። የታሪክ ጸሐፊዎች ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ብለው ይገምታሉ። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ ድርቁ፣ አንበጣውና የሰው ወረርሽኙ ተደራረበ። አባቶቻችን ያን ዘመን ክፉ ቀን ብለው ጠሩት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ አገሩ በዚሁ መከራ መካከል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለሰው ምሳሌ እንዲሆኑ ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ተጽፏል። ዛሬ ለሽርሽር የምንወጣበት እንጦጦ ያኔ የረሃብተኛው ሕዝብ ዓይን የሚያርፍበት የቤተ መንግሥት ሰፈር ነበር።

በሽታው በእኛ አልቆመም። ወደ ደቡብ እየተጓዘ፣ ከብት አርቢውን ሁሉ እያራቆተ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ገባ። በዓመቱ፣ በ1897፣ ፓስተር ተቋም ሁለት ሰዎችን ወደ ትራንስቫል ላከ። አንዱ ዣን ዳኒሽ የሚባል ፖላንዳዊ ተወላጅ ነው። ሁለተኛው የኛው ቦርዴ ነበር። ሥራቸው ከበሽታው የዳኑ ከብቶችን ሴረም ወስዶ ጤነኛውን ከብት መጠበቅ ይቻል እንደሆነ መሞከር ነበር። ማለትም ቦርዴ በፓሪስ በቱቦ ውስጥ ያየውን የደም ኃይል አሁን በሜዳ ላይ፣ ያውም እንጦጦን ካስራበው በሽታ ጋር ገጠመ። ለበሽታው ፍጻሜ ገና ከመቶ ዓመት በላይ ይቀር ነበር፤ የዓለም መንግሥታት ደስታ ከምድር ጠፋ ብለው ያወጁት በ2011 ነው። ምናልባት ተመልሶ ቢመጣ ተብሎ የተቀመጠው ክትባት ከሚጠበቅባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ማለት ይሄ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ወይ?

ቦርዴ ወደ ፓሪስ ተመልሶ በ1898 ሌላ ነገር አሳየ። ያ በሙቀት የሚጠፋው ኃይል ባክቴሪያን ብቻ ሳይሆን የሌላ እንስሳ ቀይ የደም ሴልንም ያፈርሳል። ይህም ነገሩን በዓይን ለማየት አመቸ፤ የደም ሴሉ ሲፈነዳ ፈሳሹ ጥርት ያለ ቀይ ይሆናል፣ ካልፈነዳ ከታች ይዘቅጣል።

በጀርመን አገር ደግሞ ታላቁ ፓውል ኤርሊኽ ተመሳሳይ ነገር እየመረመረ ነበር። ኤርሊኽ ነገሩን በራሱ መንገድ ተረጎመውና በ1899 ገደማ ኮምፕሊመንት የሚል ስም አወጣለት፤ በእኛ ቋንቋ ማሟያ ማለት ነው። ዋናው ሠራተኛ አንቲቦዲው ነው፣ ይሄኛው የእሱን ሥራ የሚያሟላ ነው እንደ ማለት። ሁለቱ ሊቃውንት ለዓመታት ተሟገቱ። ኤርሊኽ ማሟያው ብዙ ዓይነት ነው አለ፤ ቦርዴ አንድ ነው አለ። ቦርዴ የራሱን ቃል፣ አሌክሲንን፣ ሙጭጭ ብሎ ያዘ። ዛሬ ስንመለከተው ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ነበር። ኮምፕሊመንት ከ30 የሚበልጡ ፕሮቲኖች ስብስብ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ እንደ አንድ አካል ይሠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

በስሙ ክርክር ግን ያሸነፈው ኤርሊኽ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የዚህን ስም ግን ያወጣው ተፎካካሪ ነው፤ ስሙም ዝቅ አደረገው። ማሟያ ከተባለ ማን ጉዳዬ ብሎ ይመረምረዋል? አጃቢ ነው ተብሎ በአጃቢነቱ ቀረ። ሐኪሞች እንደ መመርመሪያ ዕቃ ተጠቀሙበት እንጂ ሌላ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የብራስልስ ዓመታት

በ1899 ቦርዴ ማርት ለቮዝን አገባ፤ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። በ1901 ወደ አገሩ ተመልሶ በብራስልስ አዲስ የተቋቋመውን የባክቴሪያ ጥናት ተቋም መምራት ጀመረ፤ ይህም ኋላ የብራስልስ ፓስተር ተቋም ተባለ። የፓስተር ስም በየአገሩ እንዲህ ተበትኗል፤ የእኛም አገር አንዱ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌ፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ግቢ ነው። ተቋሙ ስሙን ብዙ ጊዜ ቢቀያይርም የሰፈሩ ሰውና የታክሲ ረዳቱ ግን አሁንም ፓስተር ነው የሚሉት።

በዚያው በ1901 ቦርዴ ከኦክታቭ ጋንጉ ጋር ሆኖ አንድ ብልሃት አገኘ። አንቲቦዲ ጠላቱን ሲይዝ ማሟያው እዚያ ላይ ተጣብቆ ያልቃል። እንግዲያው የማን ደም ውስጥ የትኛው አንቲቦዲ እንዳለ ማወቅ ብፈልግ፣ ማሟያው ማለቅ አለማለቁን አያለሁ፤ ካለቀ አንቲቦዲው አለ፣ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። በ1906 ጀርመናዊው ቫሰርማንና ባልደረቦቹ ይህንኑ መንገድ ተጠቅመው የቂጥኝን የደም ምርመራ ሠሩ። ያ ምርመራ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዓለም ሁሉ አገልግሏል። ዝናው ለቫሰርማን ሆነ፤ መሠረቱ ግን የቦርዴና የጋንጉ ነው።

ያው 1906 ለእኔ ቤት ታሪክም ቁልፍ ዓመት ነው። ቦርዴ የትክትክን ባክቴሪያ ከታመመ ሕፃን አክታ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ካየው ዓመታት አልፈው ነበር፤ ነገር ግን ማይክሮቡ በተለመደው ምግብ ላይ አልበቅል አለ። ቦርዴና ጋንጉ ድንች፣ ግሊሰሪንና ደም ቀላቅለው አዲስ ምግብ ሠሩለትና በ1906 ለብቻው አሳደጉት። በዚያ ዘመን አንድ ባክቴሪያ ለብቻው ካላደገ ክትባት ሊሠራለት አስቸጋሪ ነበር። በኋላ የመጣው የትክትክ ክትባት ሁሉ መነሻው ይህቺ የድንች ምግብ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። አገራችን ሰፊ የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን የትክትክ ክትባት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በ2007 ደግሞ ትክትክን፣ ዲፍቴሪያን፣ ቲታነስን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሂብ የሚባለውን ባክቴሪያ በአንድ መርፌ የሚከላከለው አምስቱ በአንድ ክትባት ገባ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጥ። እህቴ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነበር ያስወጋችው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ቤልጅየም በጀርመን ጦር ተያዘች። የላቦራቶሪ ሥራ ሲስተጓጎል ቦርዴ ተቀምጦ ስለ በሽታ መከላከል ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1920 ታተመ። በዚያው ዓመት የ1919 የኖቤል ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ለእሱ ተሰጠ። ቤልጅየም ከጦርነት ፍርስራሽ ስትነሳ እንዲህ ያለ ክብር ማግኘቷ ለአገሩ ሰው ትልቅ ነገር እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ታላቅ ሰው ግን አይሳሳትም ማለት አይደለም። በ1920ዎቹ ባክቴሪያን የሚበሉ ቫይረሶች አሉ የሚለውን ሐሳብ ቦርዴ ተቃወመ፤ ባክቴሪያው ራሱ በራሱ የሚያመጣው መፍረስ ነው ብሎ ተከራከረ። ኋላ እውነቱ የተቃዋሚዎቹ ሆነ። ይህን የማነሳው ስሙን ለማጉደፍ አይደለም። እኛ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ስንጽፍ ስህተታቸውን ዘለን ስለምናልፍ ነው።

በ1940 የተቋሙን አመራር ለልጁ ለፖል አስረከበ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1961 በብራስልስ በ90 ዓመቱ ዐረፈ። ሲሞት ዓለም የሚያውቀው ኮምፕሊመንት ያው የኤርሊኽ ማሟያ ነበር፤ አንቲቦዲ ሲጠራው መጥቶ ባክቴሪያ የሚበሳ አጃቢ።

አጃቢው አስተማሪ ሆኖ ተገኘ

የሰውነታችን መከላከያ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከልደት ጀምሮ ያለው ነው፤ ማንንም ሳይመርጥ ይዋጋል፣ ነገር ግን አይማርም። ኮምፕሊመንት የሚመደበው እዚህ ነው። ሁለተኛው የሚማረው ክፍል ነው። አንቲቦዲ የሚያመርቱት ቢ ሴሎችና አመራር የሚሰጡት፣ የታመመ ሴልንም የሚገድሉት ቲ ሴሎች ያሉበት ነው። ክትባት የሚሠራው ይህ ሁለተኛው ክፍል ትምህርቱን ስለሚያስታውስ ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ሁለተኛው ያዛል፣ የመጀመሪያው ይታዘዛል ብሎ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የሚሠራው ማርክ ፔፒስ ጥያቄውን ገለበጠው። ከእባብ መርዝ በሚገኝ ነገር ተጠቅሞ ሲ3 የሚባለው ዋናው የኮምፕሊመንት ፕሮቲን ከአይጦች ደም ለጊዜው እንዲያልቅ አደረገ። ከዚያ ባዕድ ነገር ሰጣቸው። አይጦቹ አንቲቦዲ ማምረት ተሳናቸው ወይም በጣም አነሰባቸው። እንግዲህ ማሟያው ሲጠፋ የጎደለው የአንቲቦዲው ጉልበት ብቻ ሳይሆን አንቲቦዲው መመረቱ ራሱ ነው። አጃቢ የተባለው ሲቀር ሙሽራውም ቀረ!

እንዴት? ነገሩን በእኛ አገር ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ደብዳቤ ይዛችሁ መሥሪያ ቤት ብትሄዱ መጀመሪያ የሚታየው ጽሑፉ ሳይሆን ማኅተሙ ነው። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ የቱንም ያህል እውነት ቢይዝ መዝገብ ቤት አይቀበለውም። ሲ3 ባዕድ ነገር ላይ ሲያርፍ ይሰነጠቅና ቁራጩ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። የመጨረሻዋ ትንሽ ቁራጭ ሲ3ዲ ትባላለች። ቢ ሴል በአንድ እጁ ባዕዱን ነገር፣ በሌላ እጁ ይህቺን ቁራጭ ሲይዝ ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑ ይገባዋል። ሲ3ዲ ማኅተሟ ናት። በ1996 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። ከዶሮ እንቁላል በተወሰደ ፕሮቲን ላይ ሁለት ሲ3ዲ ሲቀጠልበት አንቲቦዲ የማስነሣት አቅሙ አንድ ሺህ እጥፍ፣ ሦስት ሲቀጠልበት ደግሞ አሥር ሺህ እጥፍ ጨመረ።

ይህ ብቻ አይደለም። በንፍፊታችን ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሴሎች ማኅተም ያረፈበትን ባዕድ ነገር ይዘው ያቆዩታል፤ ቢ ሴሎች እየተመላለሱ እያዩት ትምህርታቸውን ያጠናክራሉ። በቲ ሴሎች ላይም ኮምፕሊመንት እጁ አለበት። ሲዲ46 በሚባል የሴል ገጽ ላይ ባለ ተቀባይ በኩል ለቲ ሴሉ መልእክት ያደርሳል፤ መልእክቱ መጀመሪያ ተነሥ ይለዋል፣ ሥራው ሲገባደድ ደግሞ ተረጋጋ ይለዋል። ማቀጣጠል ብቻ ሳይሆን ማብረድም ያውቃል ማለት ነው። የማብረዱ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ከኮምፕሊመንት ቀዳሚዎቹ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ በተፈጥሮ የጎደሏቸው ሰዎች ሉፐስ ለሚባለው፣ ሰውነት ራሱን ለሚወጋበት በሽታ ይጋለጣሉ። የመጨረሻዎቹ የጎደሏቸው ደግሞ በማጅራት ገትር ደጋግመው ይጠቃሉ።

የአራስ ሕፃን የኮምፕሊመንት መጠን ከአዋቂ ያነሰ ነው፤ የሚማሩት ሴሎቹም ገና ጀማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ሕፃን አንድ ጊዜ በተሰጠው ትምህርት ብቻ በቂ ትዝታ አይዝም። ሁለተኛውና ሦስተኛው መርፌ ቤት ላይ የሚለጠፍ ጌጥ አይደሉም፤ የቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ናቸው። እኔ ለእህቴ መንገር የነበረብኝ ይህን ነበር።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። የቦርዴን ስም የተሸከመው የትክትክ ባክቴሪያ በላዩ ላይ የኮምፕሊመንትን ጥቃት የሚያመክንበት ፕሮቲን አለው። ቦርዴ ያገኘው ጠላት ቦርዴ ያገኘውን ጦር የሚመክትበት ጋሻ ይዞ ቆይቷል ማለት ነው። ሁለቱንም ያገኘው ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ሞተ።

ለእኛ ምን ይሁነን?

የቦርዴ ሕይወት ለእኔ የኖቤል ሽልማት ታሪክ አይደለም። በአንድ ጠብታ ትኩስ ሴረም የሌላውን ጠፋ የተባለ ኃይል የመለሰ፣ ግን ያገኘው ነገር ሌላ ሰው ባወጣለት ስም ለሰባ ዓመት የተሸፈነበት ሰው ታሪክ ነው። እኛ ነገ ዜና ስንጽፍ በየቀኑ ስም እናወጣለን። ማሟያ፣ ማጠናከሪያ፣ ድጋፍ ሰጪ፣ ረዳት እንላለን። ቃሉ ከብዕራችን ሲወጣ ቀላል ነው፤ እናትየዋ ቤት ሲደርስ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ልሂድ ወይስ ልቅር ወደሚል ውሳኔ ይለወጣል። አንድ ሰው ይህን ቃል ሰምቶ ምን ያደርጋል ብለን ሳንጠይቅ ባንጽፈው ጥሩ ነው።

እህቴ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ልጇን ወለደች። በ14ኛው ሳምንት ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። የእንጦጦ ጉም ገና አልተገፈፈም ነበር፤ ባለጭራሮዎቹ እናቶች ዳገቱን እየወረዱ ነበር። ነርሷ ሦስተኛዋን መርፌ ወግታ ካርዱ ላይ ቀኑን ጻፈችና ማኅተም አደረገችበት። ልጅቷ ማታውን አተኮሳት። እህቴ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሯን እየዳበሰች አደረች፤ እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አደርኩ። ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቃት።